ፒክ አፗን የመጨረሻ የነካው እጅ

መኪና ካልነኳት አትታመምም። ይህን ሕግ ያወጣችው ከገበያው ማዶ ባለ ሰፊ ግቢ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትጠግን ሴት ናት፤ ዕድሜዋንም ሙሉ በዚሁ ሕግ ስትሠራ ኖራለች።

ደንበኞቿ መርማሪዋ ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከአሠራሯ ነው። ሌላ ባለሙያ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ኮፈን ይከፍታል፤ እርሷ ግን መጀመሪያ ወንበር ታቀርባለች። ባለመኪናውን ታስቀምጥና እጆቿን በአሮጌ ጨርቅ እየጠረገች ከፊቱ ትቆማለች። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተሠራላት? ማን ከፈታት? ማን ገጠማት? ሬዲዮ ያስገባው፣ ጥሩምባ የቀየረው፣ ወንበር ያለበሰው ሁሉ በየተራ ይጠራል። ሰው ደግሞ ይደብቃል። አማቹ በትርፍ ጊዜው የቀጠለለትን ሽቦ ለመናገር የሚያፍር ብዙ ነው። እርሷ ግን የሚናዘዘው ተናዝዞ እስኪጨርስ ድረስ ካቻቢቴ አታነሣም።

«የመጨረሻውን እጅ ንገረኝ» ትላለች። «ሽቦ በገዛ ራሱ አያብድም። ያሳበደው እጅ አለ።»

አንድ ታክሲ ነጂ ጥያቄው ሲበዛበት፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለፍሬቻ ነው፤ ነፍሴን ላስመረምር አይደለም» ብሏት ነበር።

«ፍሬቻህ የሚበራው ነፍስህ ስትቀልል ነው፤ ተናገር» አለችው።

ተናገረ። ሚስቱ ሳታውቅ ያስገጠመው የድምፅ ማጉያ ከኋላው ወንበር ሥር ተገኘ፤ ፍሬቻውም በራ።

ሙያውን የጀመረችው ሬዲዮ ይጠግን በነበረው አባቷ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባትየው የተበላሸ ሬዲዮ ሲቀበል ጀርባውን ከመክፈቱ በፊት፣ «ከየት ወደቀ? ማንስ ሊጠግነው ሞከረ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ልጅቷ ካደገች በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ ጋራዥ ገባች። ሴት ልጅ ከኮፈን ሥር ምን ትፈልጋለች ያሉ ነበሩ። አልተከራከረቻቸውም፤ መኪናቸውን አስነሥታ ቁልፉን እጃቸው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም።

የግቢው ሌላው ግማሽ የባሏ ነው። ባሏ የመኪና ቀለም ቀቢ ሲሆን መስታወት በሚል ቅጽል ይታወቃል፤ እርሱ ቀብቶ ባስረከበው መኪና ፊት ቆሞ ጢም መላጨት ይቻላል ስለሚባል ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በጥፍሩ ሥር እንኳ ቀለም የማይገኝበት ንጹሕ ሰው ነው። ሥራውን የሚሠራው ከጣሪያ እስከ መሬት በወረደ የላስቲክ መጋረጃ ውስጥ ነው። የእርሱም ሕግ እንደ ሚስቱ ሕግ አጭር ነው፤ ባዶ ብረት ነውር ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ የማያየውን ሥፍራ፣ የበር ማጠፊያውን ውስጥ፣ የብሎኑን ሥር ሳይቀር ይቀባል።

«ማን ያየዋል ብለህ ነው?» ሲሉት፣ «እርቃኑን ከቤት የሰደድኩት ልጅ የለኝም» ይላል።

ባልና ሚስቱ በአቧራ ካልሆነ በቀር በሥራ ተጋጭተው አያውቁም። እርሷ ግቢ ስታስጠርግ እርሱ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ይጮኻል፤ እርሱ ቀለም ሲረጭ እርሷ አፍንጫዋን ይዛ ታጉረመርማለች። ከዚህ ውጪ አንዱ በሌላው ሥራ ጣልቃ አይገባም። «እርሱ የነካውን አልመረምርም» ትል ነበር በኩራት፤ «የእርሱ እጅ የተመረመረ ነው።»

የጤና ጣቢያው ፒክ አፕ የገባችው በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ነው።

መኪናዋ ገና አዲስ ነበረች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ ሰው ሁሉ ሲስተር የሚላት ወጣት ሴት፣ ራሷ እየነዳቻት ከተራራው ላይ ወዳሉት መንደሮች ትወጣለች፤ ነፍሰ ጡሮቹን ታያለች፣ ምጥ የጠናባትን ይዛ ትወርዳለች። በዝናቡ መግቢያ ከገደል የተንከባለለ ድንጋይ የመኪናዋን ግራ ጎን ከፊት ጎማው በላይ ጀምሮ እስከ ኋላ መጫኛዋ ድረስ ጨፈለቀው። ቆርቆሮው ተቃንቶ ወደ መስታወት መጋረጃ ገባች፤ ጥልቅ አረንጓዴ ለብሳ ወጣች። በመንገድ ያየ ሁሉ ቆሞ አያት። መስታወት በበኩሉ ለወትሮው ከሚናገረው አንድ ቃል ጨምሮ፣ «ይህቺስ ሆነችልኝ» አለ።

ጥቂት ሰንብታ ግን መታመም ጀመረች።

መጀመሪያ ሲስተር ፍሬን ስትረግጥ የፊት መብራቶቹ ይደበዝዙ ጀመር። ቀጥሎ በዳሽቦርዱ ላይ ያሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ቀይና ብርቱካን ሆነው በአንድነት እየበሩ በአንድነት ይጠፉ ያዙ። ከዚያም የግራው መስኮት ዝናብ እየወረደ በገዛ ፈቃዱ ተከፍቶ አልዘጋም አለ። በመጨረሻ ደህና ያመሸች መኪና ጠዋት ባትሪዋ ሞቶ ትገኝ ጀመር፤ ባትሪው ባልሞተበት ቀን ደግሞ ቁልፏን አላውቅህም ትላለች።

የጤና ጣቢያው ተሽከርካሪዎች የሚጠገኑት በመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ስለሆነ ሲስተር የሄደችው ወደዚያው ነበር። ባትሪዋን ቀየሩላት። ዳይናሞዋን ቀየሩላት። የተጎታች ሶኬቷ ውስጥ ውሃ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ስላገኙበት እርሱንም ነቀሉት። ከየጥገናው በኋላ የተሻላት ትመስላለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ሕመሙ ይመለሳል። በዚህ መካከል የስምሪት ኃላፊው ውሳኔ ሰጠ። መኪናዋ ዓርብ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተጎትታ ትሄዳለች፤ የተራራው መንደሮችም «ተሽከርካሪ ሲገኝ» ይጎበኛሉ። ተሽከርካሪ ሲገኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሲስተር ማክሰኞ ዕለት መኪናዋን ወደ መርማሪዋ ግቢ አስገባች። እንዳቆመቻትም ሁሉም የማስጠንቀቂያ መብራቶች ቦግ ብለው በሩ።

«ይኸው፣ እትዬ» አለች። «ሰላምታ እየሰጠችዎት ነው።»

«ቁጭ በይ» አለች መርማሪዋ፤ ወንበሩ ቀርቦ ነበር።

ሲስተር የባትሪውን፣ የዳይናሞውንና የሶኬቱን ታሪክ ተናገረች። ዓርብ የሚሆነውንም ነገረቻት።

«እሱን ኋላ እንደርስበታለን። ሌላ የነካት ማነው?»

«ሌላ ማንም የለም።»

«ልጄ፣ ማንም የለም የሚል ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው አለው።»

ሲስተር ወደ መኪናዋ ጣሪያ ሰረቅ አድርጋ አየች። «ዘበኛችን… ጭጋግ ሲሆን መንገዱን እንዳይ ብሎ ከላይ ትንሽ መብራት ገጥሞልኛል። ግን በቅንነት ነው! ጎበዝ ነው እኮ፣ የቤታችንንም ደወል ሠርቷል።»

«የቤት ደወል!» አለች መርማሪዋ፤ ፊቷም በራ። ካቻቢቴዋን አነሣች።

የጣሪያው መብራት ሽቦ ከመስኮቱ ሽቦ ጋር በፕላስተር ተጠቅልሎ ተገኘ፤ የኤሌክትሪክ ፕላስተር እንኳ አይደለም፣ ከጤና ጣቢያው የመጣ የቁስል ፕላስተር ነበር። መርማሪዋ ማሠሪያውን ፈትታ በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ያዘችው። «ይኸውልሽ ሌባሽ። ቁስሉን አሽጎ መግሉን ከውስጥ ትቶታል።» ሽቦውን እንደ ሕጉ አስተካክላ ቀጠለችው፤ መስኮቱ ወጣ፣ ዳሽቦርዱ ጠቆረ፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ሲስተር እጇን ስማት ሄደች።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ መኪናዋ በትራክተር ተጎትታ ተመለሰች።

ዝናቡ አቀበቱ ላይ አግኝቷት ነበር። መብራቶቹ ደበዘዙ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ቦግ አሉ፣ ሞተሩም ከመታጠፊያው ላይ ጠፋ። ሲስተር ቦርሳዋን አንጠልጥላ የቀረውን ዳገት በእግሯ ወጥታ፣ ያሰበቻትን ሴት አይታ፣ በትራክተሩ ነጂ አጠገብ ተቀምጣ ወርዳለች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው» አለች ብቻ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ትራክተሩን አይቶ መጣ። መርማሪዋን ማብሸቅ የሚወድ፣ ቢሆንም ክፉ የማይወድላት ሰው ነው።

«እትዬ መርማሪ!» አለ ከበሩ ጀምሮ። «ተጠርጣሪው በነፃ ተለቀቀ እንዴ?»

«የያዝኩትስ ሌባ ነበር» አለች ሳትዞር። «ግን ብቻውን አልሰረቀም።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምሽ እንዳይሆን።»

«መሣሪያህን ይዘህ ና፤ አፍህን እዚያው ትተህ።»

ነጋዴው የመኪና ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ አለው፤ ሊያመጣ ሄደ። እንደ እውነቱ ከሆነ መርማሪዋ መሣሪያውን ትወደዋለች፤ ሳይደብቅ የሚናገር ምስክር እርሱ ብቻ ነው ትላለች። ነጋዴው መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰክቶ አነበበና ቅንድቡን ሰቀለ።

«የሞተሩ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ አነሰኝ ይላል። የበሩም እንደዚያው። የመብራቱም፣ የፍሬኑም፣ የቁልፉም። ሁሉም የጮኹት በአንድ ቅጽበት ነው። መሣሪያዬ ካላበደ በቀር።»

«አላበደም» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጮኹ ሌባው ከአንዳቸው ቤት አይደለም። ሁሉም በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው።»

ኤሌክትሪክ ከባትሪ የሚወጣው በሽቦ ነው፤ ሥራውን ሠርቶ የሚመለሰው ግን በመኪናዋ ብረት በኩል ነው። ይህን የመመለሻ መንገድ የሙያው ሰዎች ማሳ ይሉታል። ማሳው ከተዘጋ የሄደው ሁሉ መመለሻ ያጣል፤ መብራቱ ይደበዝዛል፣ መስኮቱ ይቃዣል፣ ኮምፒውተሮቹም ዕረፍት አጥተው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጠምጡ ያድራሉ። መርማሪዋ ማክሰኞ ዕለት ማሳውን በኤሌክትሪክ መለኪያዋ፣ በቴስተር፣ ለክታ ደህና ነው ብላ አልፋው ነበር። አሁን እንደገና ለካችው። ቴስተሩ እንደገና ደህና ነው አለ።

«ይኸው ደህና ነው» አለ ነጋዴው።

«ድልድዩ ዶሮ አሻገረ ማለት በሬ ያሻግራል ማለት አይደለም» አለች። ከሣጥኗ ውስጥ ሁለት ሽቦ የተበጀለት አሮጌ የፊት መብራት አምፖል አወጣች። ቴስተር መንገዱን የሚጠይቀው ባዶ እጁን ነው፤ አምፖሉ ግን ሸክም ተሸክሞ ይሄድበታል። አንዱን ሽቦ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ፣ ሌላውን ከመኪናዋ ብረት ላይ አስነካች። ቦግ ማለት የነበረበት አምፖል ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ደም መሰለ።

ነጋዴው መቀለዱን ተወ።

መርማሪዋ ወፍራም ኬብል አመጣችና አንዱን ጫፍ በባትሪው አሉታዊ ጫፍ፣ ሌላውን ከኮፈኑ ማጠፊያ አጠገብ ቀለሙ ተጭሮ በተገለጠ ባዶ ብረት ላይ አሠረች። ወዲያው ዳሽቦርዱ ጸጥ አለ። ማንም ሳይነካው እንደገና ወርዶ የነበረው መስኮት፣ ሲስተር ገብታ ቁልፉን ስትጫነው፣ ሳይንገራገር ወጣ። ሲስተር ከመኪናዋ ዘላ ወረደች።

«ተገኘ?»

«መንገዱ ተገኘ። የዘጋው አልተገኘም።»

የግራውን የፊት ጎማ ፈትታ ከውስጥ ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ገፈፈች። ጎንበስ ብላ በባትሪ መብራት አየች። የማሳው ሽቦ እንደ ቦታው ነበር፤ ብሎኑም በደንብ ጠብቋል። ፈታችው። የሽቦው የመዳብ ቀለበት ያርፍበት የነበረው ሥፍራ ለስላሳ፣ ጥልቅ፣ ያለ አንዲት ጉድፍ አረንጓዴ ነበር። መርማሪዋ ፊቷን በውስጡ አየች።

ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሽቦው በቀለሙ ላይ ተቀምጦ፣ ኤሌክትሪኩ ያልፍ የነበረው የብሎኑ ጥርስ ከውስጥ በነካት ጥቂት ብረት ብቻ ነው። ዝናብ ሲገባ ያቺም ጥቂት ትዘጋ ነበር።

«ምን አገኘሽ?» አለ ነጋዴው ከላይ ሆኖ።

«ምንም» አለች መርማሪዋ።

ሰው የሚናዘዝበትን ወንበር ዕድሜዋን ሙሉ ስታቀርብ ኖራ፣ እንዲህ ያለ መልስ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። እዚያው ተንበርክካ የጠራቻቸውን እጆች ቆጠረች። ባትሪ የቀየረውን፣ ዳይናሞ የቀየረውን፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጠርታለች፤ መኪናዋን ከሁሉም በፊት ፈትቶ የገጠማትን ግን አልጠራችም፤ ሕመሙ የጀመረው ከእርሱ እጅ ከወጣች በኋላ መሆኑን እያወቀች። የራሷ ሲያርርባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ከላስቲክ መጋረጃው ኋላ የመርጫው ፉጨት ይሰማ ነበር።

ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች፤ መጋረጃውንም ገለጥ አድርጋ ገባች።

«አቧራ!» አለ መስታወት ሳይዞር።

«አቧራውን ተወውና ስማኝ። የሲስተርን መኪና ስትቀባ የማሳውን ሽቦ ፈትተህ ነበር?»

«ፈትቼ ነበር። ሽቦው ላይ ልቀባ ኖሯል?»

«ሥሩንስ?»

«ሥሩንም ቀባሁ፣ አደረቅሁ፣ መልሼ አሠርሁ። እንዴት ያለ ሥራ እንደነበር አየሽው?» አለና ዞረ። ፊቷን ሲያይ መርጫውን ዝቅ አደረገ። «ምነው?»

«በሽታዋ እሱ ነው።»

መስታወት መርጫውን አጠገቡ ካለው ሣጥን ላይ አኖረ። «የኔ ቀለም?»

«ያንተ ቀለም።»

«በከተማው ሁሉ የተመሰገነው?»

«እሱው። ምስጋናው እውነት ነው፤ በሽታውም እውነት ነው። መፋቅ አለበት።»

«አይፋቅም» አለ። «ሌላ ሽቦ ዘርጊላት። ብልሃት አያጣሽ፣ በጎን ወስደሽ እሰሪው። እኔ የቀባሁት ላይ ብረት ቧጥጦ መተው፣ እኔን አደባባይ አውጥቶ ልብሴን መግፈፍ ነው።»

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለች። «በጎን ብዘረጋላት ለነገ ትሄድልኛለች። የዛሬ ወር ያው መታጠፊያ ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ከኋላ ምጥ የያዛት ሴት ትኖራለች። ደግሞ አንዱን ብቻ ነው ያገኘሁት። የፈታሃቸው ሌሎቹ የት የት እንዳሉ እኔ አላውቅም፤ ሁሉን ነቅዬ እስካገኛቸው ዓርብ አልፎ ሰንበት ይሆናል። የሚያውቀው አንተ ነህ።»

«የመጨረሻው እጅ» አለ መስታወት በምሬት ፈገግታ።

«አዎ። የሰው ሁሉ እጅ ስጠይቅ ያንተን ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱን ተካፍለነዋል። ተነሥ።»

ከመጋረጃው ውጪ የሲስተር ጭቃ የያዘ ጫማ ከወንበሩ ሥር ይታያል። መስታወት ወደዚያ ጥቂት ተመለከተ። ከዚያ መርጫውን ወሰደ፤ ፈታ፣ አጠበ፣ አደረቀ፣ ቦታው ሰቀለ። ሚስቱ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ታውቆት ነበር፤ ሳያጥብ ግን አይወጣም። ሲጨርስ መፋቂያውንና የወረቀት ፕላስተሩን ይዞ ወጣ።

«የት ነው?» አላት፤ ወዲያውም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ቆይ፣ አውቀዋለሁ» አለ።

በእርግጥም ያውቀው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ከፊት ጎማው በላይ አለ፣ ከመብራቱ ኋላ አለ፣ ከበሩ ደፍ ምንጣፍ ሥር አለ፣ ከኋላ መብራት አጠገብ ሰው የማያስበው ጥግ ውስጥ አለ። በሄደበት ሁሉ አንድ ብሎን ይገኛል፤ ከብሎኑም ሥር ያው ውብ አረንጓዴ። መርማሪዋ እየተከተለች ትፈታለች። ነጋዴው ነገሩ ሲገባው አፉን ሊከፍት ነበር፤ መርማሪዋ ካቻቢቴዋን ወደ እርሱ ቀሰረች፤ አፉን በእጁ ያዘ።

ከዚያ መስታወት መፋቅ ጀመረ። የመጀመሪያው ጭረት ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነበረው፤ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛውን ግን አላዞረም። ቀለበቱ በሚያርፍበት ሥፍራ ዙሪያ በወረቀት ፕላስተር ልክ የወጣ ክብ ሠርቶ፣ ከክቡ ሳይወጣ ፍቆ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ነፍቶ አጸዳው። ፕላስተሩን ሲያነሣ በአረንጓዴው መካከል ብሩህ፣ ነጭ፣ ጠርዙ የማይንቀጠቀጥ ክብ ታየ።

«እርቃን መሆኑ ካልቀረ በሥርዓት ይሁን» አለ።

መርማሪዋ ሽቦውን አሠረች፤ ዝናብ እንዳይገባበት መገጣጠሚያውን በግራሶ ሸፈነችው። ሐሙስን በዚሁ ዋሉ። የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ አሮጌውን አምፖል እንደገና አገናኘች። ቦግ ሲል ነጋዴው ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ።

ዓርብ ጠዋት የስምሪት ኃላፊው ከጎታች መኪና ጋር መጣ። የተተኮሰ ሱሪ የለበሰ፣ ቁጥብ፣ ለያዘው ኃላፊነት የሚጨነቅ ሰው ነበር። መርማሪዋ ወንበር አላቀረበችለትም፤ የመኪናዋን በር ከፈተችለት።

«ይግቡ። ያለውን ሁሉ ያብሩት፤ አንድም እንዳያስቀሩ።»

ኃላፊው የፊት መብራቱን አበራ፤ የዝናብ መጥረጊያውን፣ ማራገቢያውን፣ ፍሬቻዎቹን፣ የጣሪያውን የዘበኛ መብራት ጨመረ። መስኮቶቹን ሁሉ አወረደ፣ ሁሉንም አወጣ። ጥሩምባ ነፋ። ፍሬን ረገጠ። ነጋዴው ከፊት ቆሞ መብራቶቹን ያያል፤ ቅንጣት አልደበዘዙም። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ አልታየችም።

«መልካም ነው» አለ ኃላፊው ሲወርድ። «ግን ግቢ ውስጥ ቆማ የምትበራ መኪና ብዙ አይቻለሁ። የዚህችኛዋ ችግር አቀበትና ዝናብ ነው።»

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሲስተር ወደ ላይ አየች፤ ከዚያ ወደ ሾፌሩ ወንበር ዞረች።

«እንግዲያው ሁለቱም ይኸው፤ መልሰው ይግቡ። ቀበቶዎን ይሰሩ፤ እኔ እንደ ጎታች መኪና ቀስ ብዬ አልነዳም።»

ኃላፊው ሱሪውን አየ፣ ጎታቹን አየ፣ ገባ።

ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ወረደ። መርማሪዋ ሥራ ያዘች፣ ተወች፣ ሌላ ያዘች። መስታወት ከመጋረጃው ውስጥ ገብቶ ፉጨት ሳያሰማ ዋለ። ነጋዴው ሱቁን ክፍት ትቶ ግቢው በር ላይ ሲንጎራደድ ነበር፤ ሲቀልድ ግን አልተሰማም። አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲሳሳ ሦስቱም በሩ ላይ ተገናኙ፤ ከዚያ የተራራው መንገድ ፍንትው ብሎ ይታያል።

«ያቻትና!» አለ ነጋዴው።

ከላይ ሁለት መብራቶች ብቅ አሉ። መታጠፊያ ላይ ጠፉ። መጠበቁ ረጅም ሆነባቸው። መብራቶቹ ከታች ወጡ፤ ያው ብሩህ፣ ያው ነጭ። እንደገና ጠፉ፣ እንደገና ወጡ። ክፉው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የኋላዎቹ ቀሉ፤ ሲስተር ፍሬን ረግጣለች። የፊቶቹ ግን ቅንጣት ሳይደበዝዙ ቁልቁል መንገዱን ጠርገው ወረዱ። መርማሪዋ የባሏን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ እንደያዘችው አታውቅም።

መኪናዋ ከበሩ ስትደርስ አልቆመችም። ጥሩምባዋን እየነፋች፣ ጭቃ እየረጨች አለፈቻቸው። በኋላው ወንበር አንዲት ሴት ግራና ቀኝ ተደግፋ ታየች፤ ከፊት ደግሞ ኃላፊው የሲስተርን ቦርሳ በጭኑ ታቅፎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ በክፍቱ መስኮት እጁን እንደ ልጅ ያውለበልባል። ከዚያ መስኮቱ ሳይንገራገር ወጣ፤ መኪናዋም ወደ ጤና ጣቢያው ታጠፈች።

«ሄደች!» አለ ነጋዴው እየዘለለ። «በእናቴ፣ ሄደች!»

በማግሥቱ ጠዋት ኃላፊው በእግሩ መጣ። ሱሪው እንደገና ተተኩሶ ነበር፤ ፊቱ ግን የትናንቱ አልነበረም።

«ሴት ልጅ ናት» አለ፤ ልክ ራሱ እንዳዋለደ ሁሉ። «እናትየዋም ደህና ናት። የመኪናዋን ቁልፍ ለሲስተር መልሻለሁ፤ ከተራራው መንገድም አትነሣም። ጎታቹን ባዶውን ሰድጄዋለሁ።» ከዚያ ኮስተር አለ፤ የኃላፊነት ጠባዩ መጣበት። «ለመዝገብ ሳይሆን ለራሴ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትታመም የኖረች መኪና፣ ከመታመሟ በፊት የመጨረሻ የነካት ማን ነው?»

መርማሪዋ አፏን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቀው የኖረችው ጥያቄ ወደ እርሷ ተመልሶ ሲመጣ መልሱ ምላሷ ላይ ቆመ፤ የባሏን ስም ለመጥራት አልደፈረችም።

የላስቲክ መጋረጃው ተገለጠ።

«እኔ ነኝ» አለ መስታወት። ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ኃላፊው ተራመደ። ከኋላው፣ ሊቀባ ተዘጋጅቶ በቆመ የሰው መኪና ጎን ላይ፣ የማሳው ሽቦ በሚያርፍበት ሥፍራ፣ በወረቀት ፕላስተር ልክ የተሸፈነ ክብ ይታያል። «ያሳመምኳትም እኔ፣ የመጨረሻ የነካኋትም እኔ። ይምጡ ላሳይዎት፤ እንዴት እንደሚሠራ በዚህኛዋ ላይ ይታያል። ጎንበስ ይበሉ፣ ከዚህ ካልሆነ አይታይም።»

ኃላፊው የተተኮሰ ሱሪውን ረስቶ በእርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከከ። መስታወት ፕላስተሩን በጥፍሩ ጫፍ ቀስ አድርጎ ላጠው።

«ባዶ ብረት ነው» አለ፤ እንደዚያ ባለ ኩራት ስለ ቀለሙ እንኳ ሲናገር ሚስቱ ሰምታው አታውቅም።